ተከራካሪ የሌለው በሽታና የመንግሥት ድርሻ



በአገራችን አነጋገር እጅግ የተቈጣ ሰው «ቈሽቴ አረረ» ይላል። ስሙን እንዲህ ዘወትር የምንጠራው የሰውነት ክፍል ግን የት እንደሚገኝና ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ቈሽት ከጨጓራ በስተኋላ ተጋድሞ፥ ምግብ የሚፈጭበትን ፈሳሽና የደምን ስኳር የሚቈጣጠረውን ኢንሱሊን ያመነጫል። ከተሰወረ ቦታ የሚገኝ በመሆኑ፥ ካንሰር የተባለው ነቀርሳ ሲይዘው ሕመሙ ቶሎ አይሰማም። አብዛኛው ሕመምተኛ ወደ ሐኪም የሚቀርበው በሽታው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ በኋላ ነው።

በዚህ ምክንያት ይህ በሽታ ተከራካሪ አጥቶ ኖሯል። ከሌሎች የነቀርሳ ዓይነቶች የዳኑ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው በመንግሥት ዘንድ ደጅ ይጠናሉ፤ የቈሽት ነቀርሳ ግን ደጅ የሚጠና ሰው እምብዛም አያተርፍም። ነጋዴው ትርፍ ወደሚታይበት ሲያዘነብል፥ ለዚህ በሽታ ድምፅ ሊሆን የሚገባው መንግሥት ነው።

ለዚህ አሜሪካ ምሳሌ ትሆናለች፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የብሔራዊውን የነቀርሳ ሕግ ፈርመው ምርምሩ ተስፋፋ። ሆኖም ከ40 ዓመት በኋላ እንኳ፥ በዚያ አገር የቈሽት ነቀርሳ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች መካከል አምስት ዓመት የሚቈዩት 6 ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የአገሪቱ ምክር ቤት በ2012 ስለ እምቢተኛ ነቀርሳዎች ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም በጥር 2013 ፈረሙበት። ሕጉ የነቀርሳ ምርምር ኢንስቲትዩቱን በ18 ወር ውስጥ የምርምር ዕቅድ እንዲያዘጋጅ አስገደደው፤ የቈሽቱም ዕቅድ በ2014 ወጣ። በ2020 ደግሞ ከመከላከያ ሚኒስቴር በጀት 6 ሚሊዮን ዶላር ለዚሁ ምርምር ተለየ። በ2025 በታተመው አኃዝ 6 የነበረው ቍጥር 13 ደርሷል።

ጭማሪው ትንሽ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ምርምር እንደ ቡና ተክል ነው፤ ተክሎ በዓመቱ ለቀማ የሚጠብቅ የለም። ከ100 የቈሽት ነቀርሳ ሕሙማን ከ90 በሚበልጡት ላይ ተበላሽቶ የሚገኘው ኬራስ የተባለው ጂን፥ በሰው ነቀርሳ ውስጥ የታወቀው በ1982 ነበር። እርሱን የሚያጠቃ የመጀመሪያው መድኃኒት የተፈቀደው በ2021 ነው፤ ያውም ለሳንባ ነቀርሳ። ይህን ያህል ዘመን የሚታገሥ ከመንግሥት ግምጃ ቤት በቀር ብዙ ገንዘብ አይገኝም። በመካከል የተቋረጠ ድጋፍ ግን የተደከመበትን ሁሉ ያስቀራል።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ በጀት የምታዘጋጁ ወገኖች፥ ጯኺ ያለው ዶሴ ከላይ፥ ጯኺ የሌለው ከሥር እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። ከሥር ያለውን አንሥቶ ማየት፥ ቀን ቈርጦም መልስ መጠየቅ፥ ለሐኪም ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም።