አንድ ሰው ብቻውን የሠራው ካሴት

(በወልቂጤና በቡታጅራ ለተከታታይ ንባብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ወልቂጤ ላይ ስለ ሙዚቃ ስንነጋገር አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ ጠየቀን። «ጊታር አለኝ፤ ዜማም አለኝ። ግን ከበሮ የሚመታልኝ ሰው የለኝም። አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ አልበም ማውጣት ይችላል ወይ?» አለን። አንድ አባት ሳቁና «ልጄ፣ ዘፈን እኮ ተቀባይ ይፈልጋል፤ ብቻውን የሚዘፍን እረኛ ነው» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ስለዚህ ቡታጅራ ስንመጣ መልሱን ይዘን መጣን። ዛሬ የምንናገረው እሱን ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታ። ጊታር የክራር ዘመድ ነው። ክራር አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ ጊታር ስድስት ክር አለው። አልበም ማለት አንድ ሙዚቀኛ በአንድ ጊዜ የሚያወጣቸው የብዙ ዜማዎች ስብስብ ነው። ድሮ በሸክላ ይወጣ ነበር፤ ኋላም በካሴት ሆነ።

ጃዝ የሚባለውስ ምንድን ነው? ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ አገር፣ ኒው ኦርሊንስ በተባለች ከተማ፣ ከባርነት የወጡ ጥቁር ሰዎች ልጆች ያስጀመሩት ሙዚቃ ነው። ተጫዋቹ ዜማውን ካወቀ በኋላ ከራሱ እየጨመረ፣ እያጠማዘዘ ይጫወታል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪ ሰርግ ቤት ገብቶ የሙሽራውን አባት አይቶ እዚያው ግጥም ያወጣ የለም? የጃዝ ሰው ይህንኑ በጣቱ ያደርገዋል። በአገራችን የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት አቶ ሙላቱ አስታጥቄ የጅማ ተወላጅ ናቸው፤ በዚሁ በወልቂጤ በሚያልፈው መንገድ መጨረሻ ማለት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉ ቅኝቶች አሉን። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ አለው። የፈረንጅ ፒያኖ ግን አሥራ ሁለት ድምፅ አለው። አምስቱን ከአሥራ ሁለቱ ጋር ሳይጣሉ ማኖር ነው የኢትዮ ጃዝ ሥራ።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። ከዚህ በኋላ የምንጠራው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስታውሱ።

አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወለዱ። በአሥር ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በአሥራ አራት ዓመታቸው አኮርዲዮን መጫወት ጀመሩ፤ ያስተማራቸው ሰው የለም፣ ራሳቸው ናቸው የተማሩት። አኮርዲዮን ምን እንደሆነ ያላያችሁ ትኖራላችሁ። የአንጥረኛን ወናፍ አስቡ። ወናፉን ደረታችሁ ላይ ታቅፋችሁ ስትከፍቱትና ስትዘጉት ነፋሱ ብረት እያንቀጠቀጠ ይዘምራል፤ በጣታችሁ ደግሞ የትኛው ብረት እንዲዘምር ትመርጣላችሁ። ይኸው ነው።

አቶ ኃይሉ ኋላ ዋልያስ ባንድ ከሚባለው ቡድን ጋር ሆነው ኦርጋን ይጫወቱ ጀመር። ዋልያስ አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመት የተጫወተ ባንድ ነው። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር። ሰዓት እላፊ ነበረ። ማታ ሰዓቱ ካለፈ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ይያዛል፤ የባሰም ይደርስበታል። ታዲያ ሊዝናና የመጣ ሰው ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም። በሩ ይዘጋል፣ ሰውም ውስጥ ያድራል። ሙዚቀኞቹም እስኪነጋ ይጫወታሉ። ይህን አስተውሉ፤ ውጭ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ይዞራል፣ ውስጥ ደግሞ ሰው እስከ ንጋት ይደንሳል። ደስታ ነበር ወይስ ጭንቀት? እኛ ሁለቱም ይመስለናል። ዋልያስ በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን ያለ ዘፋኝ የተሠራ አልበም ያወጣው በዚያው ዘመን ነው። ዘፈን አልባ ሙዚቃ ሳንሱር የሚያደርግበት ቃል የለውም፤ ይህ ለሙዚቀኛው ሳይጠቅመው አልቀረም ብለን እናስባለን።

በ1981 ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ሄዶ በየከተማው ተጫወተ። አብረው ከሄዱት ዘፋኞች አንዱ አቶ ማሕሙድ አሕመድ ናቸው። እዚህ ስማቸውን የማያውቅ ሰው የለም። ከጉራጌ ቤተሰብ አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ሊስትሮ ሠርተው፣ አሪዞና በሚባለው የማታ ቤት ሲሠሩ ዘፋኝ የሆኑ ሰው ናቸው። ከዚህ ምድር ብሩሽና የጫማ ቀለም ይዞ ወደ አዲስ አበባ ያልወጣ ልጅ ያለው ቤት ስንት ነው? እንግዲህ ስለ ሩቅ ሰው እየተናገርን አይደለም።

ጉዞው ካለቀ በኋላ የባንዱ ሰዎች ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንዳንዶቹ ወደ አገር ተመለሱ፣ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። አቶ ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ናቸው። ዋሽንግተን ከተማ ተቀመጡና ሐዋርድ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማሩ። ልብ በሉ፤ ስማቸው የታወቀ፣ በሒልተን ለዓመታት የተጫወቱ ሰው ናቸው። ሆኖም ተማሪ ሆነው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሠላሳና በአርባ ዓመት ፊደል ስትቆጥሩ ያፈራችሁ ካላችሁ ይህን አስቡት።

በ1985 ነው ዋናው ነገር የሆነው። አቶ ኃይሉ አንዲት ትንሽ መቅረጫ ቤት ገቡ። ባንድ የለም፣ ከበሮ መቺ የለም፣ ተቀባይ የለም። የልጅነት አኮርዲዮናቸው አለ። ሮድስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ አለ። ሙግና ያማሃ የሚባሉ ሲንተሳይዘሮች አሉ፤ ሲንተሳይዘር በኤሌክትሪክ ልዩ ልዩ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ከበሮ የሚመታ መኪናም አለ። አገር ቤት ሲሰሟቸው ያደጉትን ዜማዎች አንድ በአንድ ብቻቸውን ተጫወቷቸው።

«እንዴት አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አራት መሣሪያ ይጫወታል?» ትሉ ይሆናል። በአንድ ጊዜ አይደለም። በዚያ ዘመን ድምፅ የሚቀረጸው በቴፕ ክር ላይ ነበር። ክሩን እንደ እርሻ መሬት አስቡት። ገበሬ ማሳውን በትልም ይከፍለዋል አይደል? መቅረጫ መኪናውም ክሩን ጎን ለጎን በሚሄዱ ትልሞች ይከፍለዋል። በመጀመሪያው ትልም ከበሮ ይዘራል። ከዚያ ሙዚቀኛው ክሩን ወደ ኋላ ይመልስና ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ የራሱን ከበሮ እየሰማ በሁለተኛው ትልም ወፍራሙን ድምፅ ይጫወታል። እንደገና ይመልሳል፤ በሦስተኛው ፒያኖ፣ በአራተኛው አኮርዲዮን። በመጨረሻ ሁሉም ትልም አንድ ላይ ሲሰማ አራት ሰው የተቀመጠ ይመስላል። አንድ ሰው ነው ግን፤ ራሱ አውጪ፣ ራሱ ተቀባይ።

ከበሮው ለምን ቀደመ? የጉራጌን ቤት ስትሠሩ ከሣር ትጀምራላችሁ? አትጀምሩም። ምሰሶው ይቆማል፤ ሌላው ሁሉ እሱን አይቶ ይደረደራል። ምሰሶው ከተጣመመ ቤቱ ሁሉ ይጣመማል። የከበሮው ፍጥነት ከተዛባም በላዩ የሚጫወተው ሁሉ ይዛባል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በቡድን ሲሆን አንዱ ሲሳሳት ሌላው በዓይኑ ይጠቅሰዋል። ብቻውን ሲሆን የሚጠቅሰው የለም። ስሕተቱን የሚሰማው ራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የሚሰማው።

ካሴቱ ተሠርቶ አለቀ። በአገር ቤትም ተሰማ። ኑሮ ግን በካሴት አልሆነም። አቶ ኃይሉ ውለው አድረው በመድረክ መጫወቱን ተዉና ዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆኑ። ይህን የምንነግራችሁ እንድታዝኑላቸው አይደለም፤ ሠርቶ መብላት ነውር የለበትም። የሚደንቀው ሌላ ነው። ከታክሲያቸው ዕቃ መጫኛ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ያስቀምጡ ነበር። ተራቸው እስኪደርስ ድረስ ኪቦርዱን አውጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይለማመዳሉ። ተሳፋሪ ሲመጣ መልሰው ያስቀምጡታል። ብዙ ዓመት እንዲህ አደረጉ፤ መድረክ ይጠብቀኛል ብለው አልነበረም፤ ጣታቸው እንዳይረሳ ነው።

ከዚያስ? አንድ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ ሰው፣ ወደ ባሕር ዳር ይመጣል። ካሴት ሲያገላብጥ ያቺን የ1985ቷን ሥራ ያገኛል። ሰማትና ወደዳት። ሽፋኑ ላይ የሰውየው ስም ተጽፏል። በስሙ ፈልጎ አሜሪካ አገር አገኛቸው፤ በ2013 ካሴቷን በሸክላ እንደገና አወጣት። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው። አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ አዳራሾች ተጫወቱ፤ በ2018 እና በ2020 ደግሞ አዳዲስ አልበሞች አወጡ።

እስቲ ቆም ብለን ይህን እንጠይቅ። ሽፋኑ ላይ ስም ባይኖርስ? ዜማዋ ትሰማ ነበር፤ ሰውየው ግን ታክሲያቸው ውስጥ ይቀሩ ነበር። በየቤታችን ባለቤቱ ያልታወቀ ስንት ዘፈን አለ? እናቶች እንሰት ሲፍቁና ቃጫ ሲለዩ የሚያዜሙት፣ በመስቀል ማታ በጀፎረው ላይ የሚዘፈነው፣ ማን አወጣው ቢባል «ከጥንት የመጣ ነው» እንላለን። ከጥንት የመጣ ብዙ አለ፤ ግን ያች እናት ባለፈው ዓመት ራሷ የጨመረችው ስንኝም አለበት። እሷ ስታልፍ አብሮ ይቀበራል።

አሁን ወጣቱ ወደ ጠየቀን እንመለስ። ዛሬ ቴፕ ክር አያስፈልግም፤ በተንቀሳቃሽ ስልክ መቅረጽ ይቻላል። በትልም ከፍሎ የሚቀርጽ ፕሮግራም ያለውም ስልክ አለ። ከቤት ከቤት ልዩነት እንዳለ ግን እወቁ። ቆርቆሮ ጣራና ሲሚንቶ ግድግዳ ድምፅን እንደ ኳስ ይመልሳል፤ ዝናብ ከጣለማ ሥራው አበቃ። የሣር ክዳን ቤት፣ በጭቃ የተመረገና ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ድምፅን ይውጣል። የአያቶቻችሁ ቤት ከብዙ የከተማ ክፍል የተሻለ መቅረጫ ቤት ነው፤ ስንነግራችሁ የማያምኑ አሉ፣ ሄዳችሁ ሞክሩት። ዶሮዎቹን ብቻ አስወጡ።

ከተቀረጸ በኋላ ቅጂው በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥ ይወድቃል። ደብተር ላይ ደግሞ የዜማውን ስም፣ ያወጣውን ሰው ስም ከነአባቱ፣ የተጫወቱትን ሰዎች፣ ቀኑንና ቀበሌውን ጻፉ። ሕግም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ ይህ ዓመት ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። ሥራ ያወጣ ሰው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ ሃምሳ ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ክርክር ሲነሣ ግን ዳኛ «ማስረጃህ የታለ?» ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ያ ደብተር ይፈለጋል።

ከበሮ የሚመታለት ለሌለው ለዚያ ወጣት ደግሞ ይህን ብለነዋል። ከበሮ መኪና አትፈልግ። በጉራጌ ጭፈራ ምሰሶው የእጅ ጭብጨባና የእግር ምት ነው። እናትህንና እኅቶችህን አስቀምጥና መጀመሪያ ጭብጨባቸውን ቅረጽ፤ ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ አድርግና በላዩ ጊታርህን ተጫወት። ሁለት ጊዜ ይበላሽብሃል። በሦስተኛው ደውልልንና እንስማው።