ሸክላውን ማን ያሳትመው?
(ስለ ድሬዳዋ ዘፈንና በግል ስለሚወጡ አዳዲስ አልበሞች በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ፈተና በተቃረበበት ሰሞን ስለ ዘፈን ልናገር በመነሣቴ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን አይቻለሁ። ነገሩ የገንዘብም፥ የሕግም፥ የታሪክም ነገር ነውና እስክጨርስ ድረስ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ድሬዳዋ የዘፈን አገር ናት ይባላል፤ እውነትም ናት። ታዲያ የድሬዳዋ ዘፈን አልበም ለመሆን ለምን ሌላ አገር መሄድ ኖረበት?

ከተማችን በ1902 ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። ከዚራና መጋላ በደቻቱ አሸዋ ማዶ ለማዶ ሲተያዩ፥ ኦሮምኛው፥ ሶማልኛው፥ አማርኛው፥ ሐረሪኛውና ዐረብኛው በአንድ ገበያ ይሰማል። እንዲህ ባለ ከተማ ጆሮ ሥራ አይፈታም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን የኦሮሞ ወጣቶች አንድ ነገር አስተዋሉ። በሠርጉ ቤት በሌላው ቋንቋ ሁሉ ሲዘፈን የራሳቸው ቋንቋ ከመድረክ ላይ የለም። ከዚህ ቁጭት የተነሣ አፍረን ቀሎ የተባለውን ባንድ አቋቋሙ። ስሙ የቀሎን አራት ልጆች፥ አላን፥ ኦቦራን፥ ባቢሌንና ዳጋን የሚያመለክት ነው። ደጋፊ ድርጅት አልነበራቸውም፤ መድረካቸው ሠርግና በዓል ነበር። በዛሬ አነጋገር «ነጻ ሙዚቀኞች» የምንላቸው እነዚህን ነው።

ከነዚህ ጋር ገና በልጅነቱ የተሰለፈው የድሬዳዋው ልጅ አሊ መሐመድ ሙሳ ነው። በመድረክ ከዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈን የተነሣ «ቢራ» የሚለው ስም ወጣለት፤ ቢራ በኦሮምኛ ክረምቱ ሲያልፍ የሚመጣው ብሩህ ወራት ነው። (የጠመቃውን ቢራ ያሰቡ ካሉ ይታረሙ።) ባንዱ በ1960ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት ሲታገድ አሊ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ከክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍልም ገባ። በ1971 የወጣው ሸክላው የመጀመሪያው የኦሮምኛ አልበም ነው ይባልለታል። የተዘራው እዚህ፥ የታጨደው እዚያ ማለት ነው።

ይህ የሆነው በሰው ክፋት ብቻ አይደለም። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በ1948 በወጣ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ያንን አጥር በ1969 የደፈረው አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ነው። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀዳውን ወደ ሕንድ፥ ኋላም ወደ ሊባኖስ እየላከ አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና ወደ 12 የሚሆኑ ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። እንግዲህ አዲስ አበባ ተቀምጦ እንኳ ቤይሩት ድረስ መላክ ግድ ከሆነ፥ ለመጋላ ዘፋኝ መንገዱ ምን ያህል ይረዝም እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ከዚያም ወዲህ የአሊን የቀድሞ ዘፈኖች ሰብስቦ በ2013 በኢትዮፒክስ 28ኛ ቅጽ ያወጣው የፓሪስ አሳታሚ ነው። አሊ በኅዳር 2022 ሲያርፍ ሥጋው ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ። ሸክላዎቹ ግን የት እንዳሉ ከዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን እናውቃለን?

ባቡሩን ተከትለን እስከ ባሕሩ እንውረድ። በጅቡቲ የመንግሥቱ ሬዲዮ ባንድ፥ ግሩፕ አር ቴ ዴ፥ በ2020 አልበም አወጣ። አሳታሚው የኒው ዮርክ ኦስቲናቶ ነው፤ ነገር ግን መቅረጫ መሣሪያው ወደ ባንዱ መጣ እንጂ ባንዱ ወደ መሣሪያው አልሄደም፤ ሦስት ቀን በቃው። ትርፉ ለማን ይገባል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ድምፁ የተቀዳው በተወለደበት ቤት ነው።

ዛሬ ያ መሣሪያ ብርቅ አይደለም። አንድ ኮምፒዩተር፥ አንድ ማይክሮፎንና ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ ክፍል ካለ ዘፈን ይቀረጻል፤ በማግሥቱም በዩቲዩብ ይለቀቃል። የድንጋጌው አጥር ፈርሷል። የቀረው የገንዘብ አጥር ነው። ከተለቀቀው ዘፈን የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ ልጆቹ የሚኖሩት በሠርግ ነው፤ በሠርግ የሚኖር ደግሞ የሚያስጨፍረውን ብቻ ማውጣት ይቀናዋል። ስለዚህ ነጠላ ዜማ እየበዛ፥ አልበም እየሳሳ ሄደ። እኔ በበኩሌ ይህን አልወደውም። አሥር ዘፈን ያለው አልበም ዘፋኙ ሲያዝንም፥ ሲቀልድም፥ ሲያስብም እንዲሰማ ያስገድደዋል፤ ነጠላው ግን ሁሉንም በአንድ ምት ያስረግጣል።

ሁለተኛው ጉዳት ስም ነው። በሸክላው መካከል ባለችው ክብ ወረቀት ላይ ቢያንስ የዘፋኙና የአሳታሚው ስም ይታተም ነበር። በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ዘፈን ግን ግጥሙን ማን ጻፈው፥ ማን አቀናበረው፥ ክራሩን ማን መታው አይልም። በ2004 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲም፥ ለከዋኝም፥ ለድምፅ ቀራጭም መብት ሰጥቷል። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ግን ይህ መብት የኔ ነው ብሎ ሲቀርብ በምን ያስረዳ?

ስለዚህ ለማኅበሩ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በከተማችን በግል ከሚወጣ ከእያንዳንዱ አልበም ማኅበሩ ሁለት ቅጂ በገንዘቡ ይግዛ። በስጦታ አይቀበል፤ ይግዛ። አንዱ ቅጂ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ሁለተኛ፥ አንድ መዝገብ ተከፍቶ የግጥም ደራሲው፥ የዜማው፥ የአቀናባሪውና የተጫዋቾቹ ስም፥ የተቀረጸበትም ቀንና ቦታ ከባለቤቶቹ አፍ ይጻፍ። የሕግ ተማሪዎች ስለ አዋጁ፥ የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ግጥሞቹ አጻጻፍ ይርዱን። በቤታቸው ሸክላ ወይም አሮጌ ካሴት ያላቸው አባቶችና እናቶች ዘንድም እየሄድን ወረቀቱን እንገልብጥ፤ ሸክላውን ግን ከቤታቸው አናውጣ።

መዝገቡን ገዝቼ አምጥቻለሁ፤ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ነው። አሁን ጥያቄ ወይም ተቃውሞ ያለው እጁን ያንሣ።