ኮርማና ሰንጋ በአንድ ዓይን አይታዩም

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍል ባልደረባችን የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ኮርማ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ኮርማ ምን አገባት የሚል አይጠፋም። የሚያገባኝ በብድር ማመልከቻ በኩል ነው። ጠረጴዛዬ ላይ “ኮርማ ለመግዛት” የሚሉ ማመልከቻዎች ይመጣሉ። ቀረብ ብዬ ስጠይቅ አንዷ የምታስበው አድልባ ለበዓል መሸጥን ነው፤ ሌላዋ የሰፈሩን ላሞች ማስጠቃትን፤ ሦስተኛዋ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። እኛ አዳማ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ኮርማ ኮርማ ነው፣ ሰንጋም ሰንጋ ነው፤ በቋንቋ አንጣላም። በሒሳብ ግን ሁለቱ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። አንዱን በሌላው ዓይን አይታ የገዛች ትከስራለች።

ቀላሉን ላስቀድም። የድለባ ሒሳብ አጭር ነው። ወይፈኑ የሚገዛው ለአጥንቱና ለቁመቱ ነው፤ ቢከሳም ጤነኛ ይሁን እንጂ ክሳቱ ለገዢዋ ጥቅም ነው። ሦስት ወር ገደማ ጭድ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና ሞላሰስ በልቶ ይሸጣል። ይህን ለማየት ሩቅ አንሄድም፤ ከቦረና የሚመጡ ወይፈኖች በከተማችን ዙሪያ ባሉ ማድለቢያዎች ሥጋ ለብሰው በጅቡቲ በኩል ወደ ውጭ ይሄዳሉ። የውጭ ገዢ ያልተኮላሸ ይፈልጋል፤ የበዓል ገዢያችን ደግሞ ስብ ያለውን ሰንጋ ይወዳል። ስለዚህ ከማኮላሸት በፊት ለማን እንደሚሸጥ ይወሰን። ለፋሲካ የታሰበ ከብት ጥር ላይ በረት መግባት አለበት፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ከሁዳዴ በኋላ የተጀመረ ድለባ በዓሉን አይደርስበትም።

ገበያ ላይ የምንበለጠው በኪሎ ነው። ደላላው “ይህማ ግዙፍ ነው” ሲል እኛ በዓይን እንገምታለን፤ እሱ ግን ዓይኑ በየሳምንቱ የሠለጠነ ነው። የእኛ መከላከያ ሜትር ነው። ደረቱን ከፊት እግሩ ጀርባ ዙሪያውን በሴንቲሜትር ትለካላችሁ፤ ቁጥሩን በራሱ ታባዛላችሁ፤ ከትከሻው እስከ መቀመጫው አጥንት ባለው ርዝመት እንደገና ታባዛላችሁ፤ ለ10,840 ታካፍላላችሁ። የሚወጣው ኪሎ ነው። ደረቱ 160፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ ወደ 307 ኪሎ ይመጣል። ደረቱን በስህተት 164 ብትሉት 322 ይሆናል፤ ለአራት ሴንቲሜትር ስህተት 15 ኪሎ ከኪሳችሁ ወጣ ማለት ነው። ስሌቱ የወጣው ለፈረንጅ ከብት ስለሆነ ሻኛ ላለው የእኛ ከብት ግምት ነው እንጂ ሚዛን አይተካም። ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ አይበቃም፤ በገመድ ለክታችሁ ገመዱን በሜትር ለኩት።

አሁን ወደ ኮርማው።

ሰንጋ የሚገመተው በላዩ ባለው ነገር ነው። ኮርማ የሚገመተው ግን ከኋላው ባለው ነው፤ ማለትም በእናቱ። ኮርማ ወተት አይሰጥም፤ ወተቱ በሴት ልጆቹ ነው የሚታየው። መቼ እንደሚታይ እንቁጠር። ላሟ ተጠቅታ እስክትወልድ ዘጠኝ ወር፤ የተወለደችው ጥጃ በደንብ ከተመገበች ለጥቂት ሁለት ዓመት ገደማ፤ እሷ ደግሞ እስክትወልድ ሌላ ዘጠኝ ወር። በጠቅላላው ሦስት ዓመት ከመንፈቅ። ዛሬ የገዛነው ኮርማ መጥፎ መሆኑን የምናውቀው ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ የሰፈሩ በረት ሁሉ በልጆቹ ይሞላል። አንዲት እናት ሦስት ዓመት ተኩል ጊደር ቀልባ በቀን ሁለት ሊትር ብታልብ ማንን ትከሳለች?

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “እናቱ ስንት ታልባለች?” ነው። የሚቻል ከሆነ ሻጩ ቤት ሄዳችሁ እናቲቱን ስትታለብ እዩ። አንድ ቀን አይበቃም፤ ከወለደች ስንት ወሯ ነው፣ ስንተኛ ጥጃዋ ነው ብላችሁ ጠይቁ። የቆዳው ጥቁርና ነጭ መሆን መልስ አይደለም። በየገበያው “ፈረንጅ ነው” ተብሎ የሚሸጠው ዝንጉርጉር ኮርማ አያቱ ምን እንደነበረች የሚያውቅ የለም። እኔ በበኩሌ ወረቀት የሌለውን ጥቁርና ነጭ ኮርማ፣ እናቱ ፊት ለፊቴ ከታለበችለት ቀይ ኮርማ አላስበልጥም።

ይህ የመዝገብ ነገር የሒሳብ ሠራተኛ አባዜ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር ሾርትሆርን የሚባለው ዝርያ ኮሜት የተባለ ኮርማ እ.ኤ.አ. በ1810 በ1,000 ጊኒ ተሸጧል፤ በዚያ ዘመን ለአንድ ኮርማ ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር። የገዙት ሥጋውን አልነበረም። በ1822 የዚሁ ዝርያ አባትና እናት የሚመዘገብበት መጽሐፍ ታተመ። ወደ እኛ ቅርብ ላምጣው፦ የቦረና ከብት ከደቡብ ኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ሄዶ፣ እዚያ ያሉ አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ1951 የቦረና አርቢዎች ማኅበር አቋቁመው እየመረጡ አሻሻሉት። ከብቱ ከእኛ ሄደ፤ መዝገቡ እነሱ ጋር ተጻፈ።

እኛም ጋ ሥራው አልተጀመረም ማለት አይደለም። አሰላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ብዙዎቻችሁ “ካዱ” የምትሉት፣ የአርሲንና የቦረናን ላም ከፍሪዥያን ጋር አዳቅሏል። በአዳሚ ቱሉ አካባቢ ያለው የአበርኖሳ ከብት እርባታም ድቅል ጊደሮችን ያወጣ ነበር። በየበረታችን ያሉት ግማሽ ደም ላሞች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሥራ ልጅ ልጆች ናቸው። ቀሚሳቸው ቀረ፣ ወረቀታቸው ጠፋ። አንድ ነገር ግን አስታውሱ፦ አሰላ ደጋ ነው፣ አዳማ ሙቀት ነው። ደሙ ወደ ፈረንጅ በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ፣ መዥገሩና መኖው ይከብደዋል። ለእኛ ጓሮ ሙሉ ፍሪዥያን ኮርማ ቅንጦት ይመስለኛል።

ከእናቱ ቀጥሎ አካሉ ይታያል። ዕድሜውን በአፉ ጠይቁት፤ ሻጩን አይደለም። ከብት የፊት ጥርስ ያለው በታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው፣ ስምንት። መሐል ያሉት ሁለቱ የወተት ጥርሶች በሁለት ዓመት ገደማ ተቀይረው በሰፊ ጥርስ ይተካሉ፤ ስምንቱም የሚያልቁት አራት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ቀጥሎ አስኪዱት። የኋላ እግሩን የሚያነክስ ኮርማ ላም ላይ መውጣት አይችልም፤ ሰኮናው የተበላሸም እንዲሁ። ከዚያ፣ እናቶቼ ይቅር በሉኝና፣ ቆለጡ። ሁለቱ እኩል፣ ጠንከር ያሉ፣ እብጠት የሌለባቸው ይሁኑ። ባለሙያዎች ዙሪያውን ይለካሉ፤ ለፈረንጅ ዝርያ በ15 ወር ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይጠብቃሉ። የአገራችን ዝርያ ዘግይቶ ስለሚደርስ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር አወዳድሩት። ቆለጡ ትልቅ የሆነ ኮርማ ሴት ልጆቹም ቶሎ ለጥቂት ይደርሳሉ። ደግሞ ኮርማ ትኩሳት ታሞ ከተነሣ ዘሩ እስኪስተካከል ሁለት ወር ያህል ይፈልጋል፤ በዚያ መካከል ያላረገዘች ላም ጥፋተኛ አይደለችም።

በሽታውን ሐኪም ሳያይ ገንዘብ አይከፈል። በማጥቃት የሚተላለፉ በሽታዎች ኮርማው ላይ ምልክት አያሳዩም፤ ላሞቹ ግን ደጋግመው ኮርማ ይፈልጋሉ፣ ይጨነግፋሉ። ብሩሴሎሲስ ደግሞ ከብት ላይ አይቆምም። ጥሬ ወተት የምትጠጣውን፣ በባዶ እጇ የምታዋልደውን ሴት ያገኛታል።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ኮርማ በዓመት 365 ቀን ይበላል። የሚያጠቃቸው ላሞች 12 ከሆኑና ሁሉም ከወለዱ፣ እያንዳንዱ ጥጃ የኮርማውን የ30 ቀን መኖ ተሸክሞ ይወለዳል። ላሞቹ 30 ቢሆኑ 12 ቀን ብቻ። ለአንድ የደረሰ ኮርማ 25 እስከ 30 ላም አይበዛበትም። ስለዚህ ሦስትና አራት ላም ያላቸው አባላት ለየብቻቸው ኮርማ መግዛታቸው በእኔ ስሌት አያዋጣም። ለእነሱ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ይሻላል። ቃሊቲ ያለው ብሔራዊ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የኮርማ ዘር ያዘጋጃል፤ የመኖ ወጪም የለበትም። ችግሩ ሰዓት ነው። ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም ከሰዓት በኋላ መዳቀል አለባት፤ ባለሙያው በማግሥቱ ከመጣ 21 ቀን ትጠብቃላችሁ። ያ 21 ቀን የመኖ ወጪ ነው፤ በማመልከቻችሁ ላይ ጻፉት። ባለሙያ የማይደርስበት ሰፈር ያላችሁ ግን ተሰባስባችሁ አንድ ኮርማ በጋራ ብትገዙ እደግፋለሁ።

እንዲህ ከሆነ ብድሩ የአንድ ዓመት ሊሆን አይችልም። የአንድ ዓመት ብድር ለድለባ ነው። ለኮርማ የሦስት ዓመት ብድር እንዲፈቀድ ለቦርዱ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው። ሌላ ንብረት ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። ኮርማ ግን በሁለት ዓመቱ ተገዝቶ፣ ሦስት ዓመት አገልግሎ፣ ደልቦ ለሥጋ ሲሸጥ የተገዛበትን ኪሎ በልጦ ሊወጣ ይችላል። ሦስት ዓመት ደግሞ በዘፈቀደ ያልሁት አይደለም፤ ከዚያ ከቆየ የራሱን ሴት ልጆች ያጠቃል። መሸጥ ያስቸግራል፣ አውቃለሁ። ሰው ይላመደዋል፣ ስም ያወጣለታል። ይሸጥ።

ደጋፊዎቻችን እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር በአክብሮት ልበል። ምርጥ ኮርማ በስጦታ ማምጣት ደስ ይላል፤ ፎቶውም ያምራል። ከኮርማው ጋር የእናቱን የወተት መዝገብ፣ የሐኪም ወረቀትና የመጀመሪያውን ዓመት መኖ ብታስቡበት ግን ፎቶው ከተነሣ በኋላም ኮርማው ይኖራል።

በተረፈ አዲሱ የማመልከቻ ቅጽ ከዛሬ ጀምሮ ጽሕፈት ቤታችን ይገኛል። ድለባና እርባታ ለየብቻ ሆነዋል። የእርባታው ላይ የእናቲቱ ወተት የሚሞላበት ቦታ አለ፤ እሱን ባዶ ትታችሁ እንዳታመጡብኝ። ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን መለኪያም ገዝተናል፤ ገበያ ስትወጡ በፊርማ ወስዳችሁ በማግሥቱ መልሱ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።