ወኔው ከዳው



ሰው ሊያሸንፍ ጥቂት ሲቀረው ሲሸነፍ እንግሊዝኛ የሚለው አያጣም። እኛ ስንተረጉመው ግን ብዙውን ጊዜ «በመጨረሻ ሰዓት ሳይሳካለት ቀረ» ብለን እናልፋለን። እኔም ስንቴ እንዲህ ብዬ አልፌያለሁ። ዛሬ ይህ ልማዳችን ምን እንደሚያስቀርብን ላሳያችሁ። የእንግሊዝኛው ፈሊጦች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ከፊሎቹ ያዝናሉ፣ ከፊሎቹ ይፈርዳሉ።

«በጽዋና በከንፈር መካከል ብዙ መንሸራተት አለ» የሚለው ከሚያዝኑት ወገን ነው፤ መነሻው የጥንት ግሪክ ነው። በተረቱ አንካዮስ የተባለ የሳሞስ ንጉሥ ወይን ሲያስተክል፣ አገልጋዩ «ከዚህ ወይን አትቀምስም» ይለዋል። ወይኑ ደርሶ፣ ተጠምቆ፣ ጽዋው በእጁ ሲገባ ንጉሡ አገልጋዩን አስጠርቶ ያፌዝበት ጀመር። በዚህ መሀል ከርከሮ ወይኑን እያጠፋው ነው የሚል ወሬ መጣ። ጽዋውን አስቀምጦ ወጣ፤ ከርከሮው ገደለው። ልብ በሉ፣ ፈሊጡ ማን እንደተንሸራተተ አይናገርም። መንሸራተት አለ፣ አለቀ።

የፈረስ እሽቅድምድም የወለዳቸውም እንዲሁ ናቸው። «ፒፕድ አት ዘ ፖስት» ማለት መድረሻው ላይ መቀደም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ሩጫ ፖል ቴርጋት በኃይሌ ገብረሥላሴ በ0.09 ሰከንድ ሲቀደም ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። «በመጨረሻው አጥር ወደቀ» የሚለው ግን ትንሽ ያቆየናል።

እ.ኤ.አ. በ1956 በሊቨርፑል አጠገብ በኤይንትሪ፣ ዴቨን ሎክ የተባለ ፈረስ የግራንድ ናሽናልን 30 አጥሮች ዘልሎ ጨርሷል። ባለቤቱ የንግሥት ኤልሳቤጥ እናት ናቸው፤ ጋላቢው ዲክ ፍራንሲስ ነው። የሚከተለውን ፈረስ ርቆታል፤ ለመድረሻው 50 ሜትር እንኳ አልቀረውም፤ ሕዝቡ በጩኸት አካባቢውን አናግቶታል። ድንገት ፈረሱ አጥር ያየ ይመስል የፊት እግሮቹን አነሣ፤ የኋላዎቹ ከዱት፤ በሆዱ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ኢ.ኤስ.ቢ. የተባለው ፈረስ አልፎት አሸነፈ። ጥላ አይቶ ነው፣ ጩኸቱ አስደንግጦት ነው፣ ጡንቻው ተኮማትሮ ነው፤ ክርክሩ አላለቀም። ፍራንሲስ በኋላ የታወቀ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆነ፤ ይህን ምሥጢር ግን እሱም አልፈታውም። እንግዲህ ፈሊጡ ለዚህ ፈረስ አይሆንም፤ አጥሮቹን ሁሉ አልፏልና። እንግሊዞች የፈረሱን ስም ራሱን ፈሊጥ አድርገውት አረፉ።

አሁን ወደሚፈርዱት። እ.ኤ.አ. በ1993 በዊምብልደን የቴኒስ ፍጻሜ ያና ኖቮትና ስቴፊ ግራፍን በሦስተኛው የጨዋታ ምድብ 4ለ1 እየመራች፣ 5ለ1 ለማድረግ አንድ ነጥብ ቀርቷት ሁለቱንም ሰርቭ ሳተች። ከዚያ በኋላ አንድም ጌም አላሸነፈችም። በሽልማቱ ላይ በኬንት ዱቼስ ትከሻ ላይ አለቀሰች። በ1998 ዋንጫውን እስክታነሣ ድረስ «ቾክ» (በጭንቀት ድልን ማጣት) የሚለው ቃል ተጣብቆባት ኖረ። ቃሉን እንዳለ ብንመልሰው «ታነቀች» ይሆናል፤ አንባቢው ለቅሶ ሊደርስ ይነሣል። «ቦትል» የሚለው የብሪታንያ አራዳ ቃልም እንዲሁ ነው። ጠርሙስ ያሉት ድፍረትን ነው፤ «ጠርሙሱ ጠፋበት» ብሎ የሚተረጉም ካለ ግን መጠጥ ቤቱን ይጠቁመን።

እኛ ለዚህ «ወኔው ከዳው» የሚል ያማረ ቃል አለን። ችግሩ ማማሩ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ሰውየውን ፈሪ ይለዋል፤ አማርኛው ወኔውን ከሃዲ፣ ሰውየውን ተበዳይ ያደርገዋል። ጉልበቱም ይከዳዋል፣ አንደበቱም ይከዳዋል፤ አውቶቡሱም ያመልጠዋል እንጂ እሱ አይዘገይም። ስለዚህ የእንግሊዝ ጋዜጣ ስድብ በእኛ እጅ እንጉርጉሮ ሆኖ ይወጣል። ስድቡን ለማቆየት ከፈለግን «ፈራች» ማለት ይሻላል፤ ይጎረብጣል፣ ግን ታማኝ ነው።

በአንጻሩ አማርኛ ማን እንዳጠፋ ባይጠይቅም ማን እንደቀረበት ሳይናገር አያልፍም። የዴቨን ሎክን ታሪክ ስተረጉም «ድሉ አመለጠ» ብዬ ማቆም አልቻልኩም። ፈረሱን ነው? ፍራንሲስን ነው? የንግሥቲቱን እናት ነው? «አመለጣቸው» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ቁጥር ይሁን አክብሮት፣ ለአንባቢው ተውኩት።