ግራፊክስ ካርድና የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የሚስማሙበት መንገድ
(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የጥቂት ባለ ሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በዘመናችን ብዙ መሥሪያ ቤቶች ስብሰባቸውን፥ ሥልጠናቸውንና የምረቃ በዓላቸውን በቪዲዮ ቀርጸው ያስቀምጣሉ። ቀረጻውን ቈርጦና ቀጥሎ ለሕዝብ የሚያቀርበው ሠራተኛ ኮምፒዩተር ይገዛልኝ ብሎ ሲያመለክት፥ የግዢው ደብዳቤ «ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው» በሚል አንድ ሐረግ ብቻ የተወሰነ እንደ ሆነ ነገሩ ከመነሻው ተበላሸ ማለት ነው። ገንዘቡ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ዕቃው ገብቶ ከተፈረመበት በኋላ ከፕሮግራሙ ጋር የማይስማማ ሆኖ ቢገኝ ግን መመለሱ እጅግ ያስቸግራል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ይስማማል።

አስቀድመን ግራፊክስ ካርድ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የኮምፒዩተሩ ፕሮሰሰር ጥቂት ግን እጅግ ብርቱ የሆኑ ሠራተኞች ባሉበት ጽሕፈት ቤት ሊመሰል ይችላል። ግራፊክስ ካርድ ግን በሺህ የሚቈጠሩ ጸሐፊዎች አንድ ዓይነት ቀላል ሥራ በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ሰፊ አዳራሽ ነው። የቪዲዮ ምስል ከብዙ ነጥቦች የተሠራ ስለ ሆነ፥ ቀለሙን ለማስተካከል በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያንኑ ስሌት መደጋገም ያስፈልጋል፤ ለዚህም አዳራሹ ከጽሕፈት ቤቱ ይበልጣል።

ነገር ግን አዳራሹ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮግራሙ ትእዛዝ በሚሰጥበት ቋንቋ የሚሰማ መሆን አለበት። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ኩዳ የተባለውን የራሱን ቋንቋ አወጣ፤ የሌሎች ኩባንያዎች ካርዶች ይህን አይሰሙም። ኤኤምዲና ኢንቴል በኦፕን ሲኤል፥ አፕል ደግሞ ሜታል በተባለው ይሠራሉ። በዚሁ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዶቢ ፕሪሚየር ፕሮ ሲኤስ5 በካርድ የሚፋጠነው፥ እንደ ጂቲኤክስ 285 እና ኳድሮ ኤፍኤክስ 4800 ያሉ በስም የተዘረዘሩ ጥቂት የኤንቪዲያ ካርዶች ሲገኙ ብቻ ነበር። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ካርድ የገዛ ሰው፥ ካርዱ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፥ ሥራው በፕሮሰሰሩ ላይ ብቻ ይወድቅበት ነበር። በ2013 ዓ.ም. በሩ ለሌሎችም ካርዶች ተከፈተ፤ ትምህርቱ ግን ዛሬም አልተሻረም። ይኸውም አስቀድሞ ፕሮግራሙን ከነእትሙ መወሰን፥ ቀጥሎ የፕሮግራሙ አምራች ያወጣውን መመዘኛ ማንበብ፥ በመጨረሻ ካርዱን መምረጥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የካርዱ ሜሞሪ ነው። አራት ኬ የሚባለው ምስል 3840 በ2160 ነጥብ ስለ ሆነ በጠቅላላው 8,294,400 ነጥቦች አሉት። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ነጥብ 16 ባይት ቢይዝ፥ አንዲቱ ምስል ብቻ 133 ሜጋባይት ገደማ ትሆናለች። በ1920 በ1080 የተቀረጸች ምስል ግን በዚሁ ስሌት 33 ሜጋባይት ገደማ ናት። ፕሮግራሙ ብዙ ምስሎችን ባንድነት ስለሚይዝ፥ ሜሞሪው ሲያንስ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የካርዱ ሜሞሪ ሞልቷል የሚል ማስታወቂያ ያሳያል፤ ሥራውም ይቆማል። ደግሞ የካርዱ ስም ብቻ አያስተማምንም። በ2023 ዓ.ም. የወጣው አርቲኤክስ 4060 ቲአይ በ8 ጊጋባይትም በ16 ጊጋባይትም ተሸጧልና፥ በደብዳቤው ላይ ቁጥሩ ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል።

ሦስተኛው ካሜራው ምስሉን የሚያሽግበት ዘዴ ነው። ብዙ ዘመናውያን ካሜራዎች ኤች 265 በተባለው ዘዴ፥ ቀለሙን በ10 ቢትና በ4፡2፡2 ጠብቀው ይቀርጻሉ። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ፥ ሥዕል ማሳያው በውስጣቸው ሲኖር፥ ይህን እሽግ በቀላሉ ይፈታሉ። የኤንቪዲያ ካርዶች ግን እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ፥ ማለት የአርቲኤክስ 50 ተከታታይ እስኪወጣ፥ ይህን አይፈቱም ነበር። ስለዚህ ውድ ካርድ ገዝቶ ምስሉ እየተንቀረፈፈ ሲታይ ከመደነቅ፥ አስቀድሞ የካሜራውን ዓይነት መጠየቅ ይሻላል። በስሙ መጨረሻ ኤፍ የሚል ፊደል ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰርም ሥዕል ማሳያ የሌለው መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አራተኛው ኤሌክትሪኩና ቦታው ነው። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ቀዳዳ እስከ 75 ዋት ብቻ ይሰጣል፤ ባለ 8 እግሩ ተጨማሪ ገመድ ደግሞ እስከ 150 ዋት ያቀብላል። ለምሳሌ አርቲኤክስ 3060 ራሱ 170 ዋት ስለሚፈልግ፥ አምራቹ 550 ዋት ያለው ፓወር ሰፕላይ እንዲኖር ይመክራል። በአሮጌ የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ይህ ኃይል ብዙ ጊዜ አይገኝም። የካርዱ ርዝመትም በሳጥኑ ውስጥ በሜትር ተለክቶ መታወቅ አለበት። ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ አፕል በራሱ ቺፕ በሚሠራቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ግን የግራፊክስ ካርድ ጨምሮ መሥራት ስለማይቻል፥ ምርጫው በግዢው ቀን ይፈጸማል።

በመጨረሻም በርካሽ የሚቀርብ ካርድ ሁሉ እንደ ስሙ አይደለም። አሮጌ ካርድ ስሙ ተለውጦ እንደ አዲስ የተሸጠበት ጊዜ አለ። ጂፒዩ-ዜድ የተባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ሐሰት ለመለየት ይረዳልና፥ ተረካቢው ከመፈረሙ በፊት ይመርምርበት።

ክቡራን አድማጮች፤ እንግዲህ የግዢ ደብዳቤ ሲጻፍ የፕሮግራሙ ስምና እትም፥ የካሜራው ዓይነት፥ የካርዱ ሜሞሪ፥ የፓወር ሰፕላዩ ዋትና የሳጥኑ ልክ ተለይተው ይጻፉ። ይህን ለመጻፍ የሚበቃው አንድ ሰዓት ነው፤ ሳይጻፍ ቢቀር ግን ጉዳቱ ዕቃው ከመሥሪያ ቤቱ እስኪወጣ ድረስ ለዓመታት ይኖራል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና፥ ከመግዛትም ማወቅ ይቅደም።