የሆላንዱ ቱጃር፣ የስኮትላንድ እግረኛና የነጭ ሳር ከብት

ስለ ነጭ ሳር ፓርክ ተናገር ብትሉኝ ከስኮትላንድ ልነሳ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው።) ሁለቱን ምን አገናኛቸው? አንድ ቱጃር!

ሆላንዳዊው ፖል ቫን ቭሊሲንገን እዚያ ሌተሪው የሚባል፣ አጋዘን የሚታደንበት ሰፊ ርስት ነበራቸው። ተራራ ወጪዎች "መንገድ አይዝጉብን" ብለው ሲሟገቷቸው አብረው ተቀምጠው በ1993 ተስማሙ፤ እግረኛው እንዲያልፍ። ጨዋነት ነው፣ አይካድም።

እኚሁ ሰው ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት "አፍሪካን ፓርክስ" በ2004 ነጭ ሳርን ሊያስተዳድር ከያኔው መንግሥታችን ጋር ተዋዋለ። ነዋሪውን ማስነሳት የመንግሥት ሥራ ሆነ። የቆሬ ገበሬዎች ተነሱ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ 463 የጉጂ ጎጆዎች መቃጠላቸው ተዘገበ። ድርጅቱ "እጄ የለበትም" አለ። ይሁንለት።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሌተሪው ላይ ለሽርሽር የመጣ እግረኛ እንኳ ወንበር ተሰጥቶት ተደራደረ። ነጭ ሳር ላይስ? ከብቱን እዚያው የሚያግደው ጉጂ ውሉ ሲፈረም የት ነበር? ቆርኬው ይጠበቅ፣ ማን ጠላ!

ቱጃሩ በ2006 አረፉ። ድርጅቱ በ2008 ጥሎ ሲወጣ ብዙ ጉጂዎች ከነከብቶቻቸው እዚያው ፓርኩ ውስጥ ነበሩ።