ቡታጅራ ስትቆጥር አገር ለምን አትቆጥርም?

(በጤና ጉዳይ ላይ በተካሄደ ውይይት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ትናንት በአንዲት የገጠር ቀበሌ ሕፃን ሞቶ ቢሆን ማን ያውቃል? እናቱ ታውቃለች። እድሩ ያውቃል። መንግሥትስ? እሱ ምን ገዶት!

ይህ ነገር እንቅልፍ የነሳቸው ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ባለሙያዎች ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ቡታጅራ ወረዱ። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ መረጡ። የአካባቢውን ልጆች አሠልጥነው ቤት ለቤት አሰማሩ። ማን ተወለደ? ማን አገባ? ማን ለቆ ሄደ? ማን ሞተ? ሐኪም ሳያየው ለሞተውም ቤተሰቡን ቁጭ አድርገው፣ “ያስለው ነበር? ያተኩሰው ነበር? ስንት ቀን ተኛ?” እያሉ የሞቱን ምክንያት ይፈልጉ ጀመር።

ምን ተገኘ? የአእምሮ ሕመምን ለማጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰው ተጠየቀ። በጠና ታመው ከተገኙት አብዛኞቹ የዘመናዊ ሕክምና ደጅ ረግጠው አያውቁም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ በትዳር ከኖሩት የአካባቢው ሴቶች 71 በመቶው በትዳር ጓደኛቸው ድብደባ ወይም የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸዋል። “የቤት ገመና ነው” ሲባል የኖረው ጉድ አደባባይ ወጣ።

ሥራው እያደገ ሄዶ ጎንደር በዳባት፣ ጅማ በግልገል ጊቤ፣ ሐረማያ በቀርሳ ተመሳሳይ ጣቢያ ከፈቱ። ደግ አደረጉ! ግን ጥቂት ወረዳ አገር አይሆንም። አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ለ2010 የታቀደው ዛሬ ነገ ሲባል ተላለፈ። የልደትና የሞት ምዝገባ ሕግም በ2004 ወጥቶ ሥራው የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው።

ለመሆኑ ቁጥር ይህን ያህል የሚያስፈራው ለምንድን ነው? ስንት ሕፃን እንደሞተ በታወቀ ማግሥት “ለምን ሞተ?” የሚል ይመጣላ!

ለተመራማሪዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ያቺ የቡታጅራ እናት በሯን ከፍታ፣ ሐዘኗን ቀስቅሳ ነው የመለሰችላችሁ። ጥናቱ በውጭ አገር መጽሔት ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ከቀረ ለእሷ ምኗ ነው? ውጤቱ ተመልሶ መድኃኒት፣ ነርስና ንጹሕ ውሃ ሆኖ ደጇ ይድረስ።